ነጯን ማጫወቻ ለምን እንደመለስኩ

ዐረብ አገር፣ ሙረባዕ የሚባል ሰፈር ባለው ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ማዳም መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስሜን አልነበረም፤ ስልኬን ነበር። እጇን ዘረጋች፣ ሰጠኋት፣ መኝታ ቤቷ ያለው መሳቢያ ውስጥ ከታ ቆለፈችበት።

"ጁምዓ ከዐስር ሶላት በኋላ ትወስጃለሽ፤ ለመግሪብ ትመልሻለሽ" አለችኝ። ዓርብ ከሰዓት ወስጄ ጀንበር ስትጠልቅ ማለቷ ነው።

ማዳም አስተማሪ ናት። ስልክ ካሜራ አለው፣ ካሜራ የቤት ገመና ያወጣል ባይ ነች። በዚህስ አልፈርድባትም፤ የሰው ቤት ገመና የሰው ነው። እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው። ቤቱ ጭር ያለ ነበር። ሁሉም በሩን ዘግቶ የየራሱን ስልክ ያያል፤ እኔ ፎቅና ምድር ስወጣና ስወርድ ከምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን ጩኸት በቀር የምሰማው ነገር የለም። ዝምታ ደግሞ አልለመድኩም። እኔ ያደግኩት ወፍጮ ቤት ነው።

አባቴ ከሚሴ የሰው ወፍጮ ቀጥ አድርጎ የሚያስተዳድር ሠራተኛ ነበር። ወፍጮው የሰው፣ ድምፁ ግን የሱ። ከሞተሩ በላይ እየጮኸ መንዙማ ያዜማል። ግጥሙን ከሼኾቹ ሰምቶ ይይዘዋል፤ የረሳው ቦታ ሲደርስ ከራሱ ጨምሮ ይሞላዋል። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ማዳበሪያቸው ላይ ተቀምጠው በጭብጨባ ይቀበሉታል። ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ስር ስለቆመ ጆሮው ደንቁሮ ነበር፤ ቤት ገብቶም "ውሃ ስጡኝ" የሚለው በጩኸት ነው። እኛም መልሰን የምንጮኸው ለሱ ብለን ነው። ሰው ቤታችን ሲመጣ የተጣላን ይመስለው ነበር።

የማዳም ትልቋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ክፉ ልጅ አይደለችም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ የሆነውን ስትሰሙ ክፉ እንዳትመስላችሁ። አንድ ቀን ልብስ እየተኮስኩ ሳንጎራጉር ሰማችኝና ሳቀች። ክፍሏ ገብታ አንዲት ነጭ ማጫወቻ ይዛልኝ መጣች።

"ስልክ አይደለም። ካሜራ የለው፣ ኢንተርኔት የለው። ማማ ምንም አትልሽም" አለች።

የታወቀ ኩባንያ ሥራ ናት። ጀርባዋ ፊት ያሳያል፣ ከፊት ለፊት በአውራ ጣት የሚዞር ክብ አላት። ልጅቷ ወደ ስልክ ከዞረች ወዲህ የጣለቻት ዕቃ ነበረች፤ ለእኔ ግን በዚያ ቤት ውስጥ "የኔ" ያልኳት የመጀመሪያ ነገር ሆነች። ኤርፎኑን በሻርፔ ስር አሾልኬ አንዱን ጆሮዬን ለሷ፣ ሌላውን ለማዳም ጥሪ ሰጠሁ።

ችግሩ ውስጧ ያሉት ዘፈኖች የልጅቷ መሆናቸው ነው። ሳምንት ሙሉ የባሕረ ሰላጤ ፍቅር ሰማሁ። መልካም ነው፤ ግን የኔ አይደለም። መንሱራ የሚባል ሰፈር አባያ ስፌት ቤት የምትሠራ አንዲት የባቲ ልጅ አውቃለሁ፤ ከአገር በአንድ አውሮፕላን ነው የመጣነው። እሷ ዘንድ መንዙማውም የሠርግ ዘፈኑም በሚሞሪ ሙሉ ነው። ለልጅቷ ነገርኳት።

"ሚሞሪ አትወስድም" አለችኝ። "የምትጫነው በኩባንያው ፕሮግራም ነው። እሱም የኔ ላፕቶፕ ላይ ብቻ።"

"ሌላ ኮምፒውተር ላይስ?"

"ሌላ አታውቅም። አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው የምታውቀው።"

እንግዲህ አንድ ዘፈን ለመጨመር ጁምዓ ስልኬ እጄ ሲገባ የባቲዋ ልጅ ትልክልኛለች፣ እኔ ስልኩን ለልጅቷ እሰጣለሁ፣ ልጅቷ ጊዜ ስታገኝ ትጭናለች። "ቡክራ" ትላለች። ነገ ማለቷ ነው። የሷ ነገ አንዳንዴ ሦስት ሳምንት ይሆናል። ዘፈን ለመስማት መለመን እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው። ልብስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጦ፣ ከዚያ "እህቴ፣ ያቺን ነገር..." እያልኩ በሩ ላይ እቆማለሁ።

በሁለተኛው ዓመት አባቴ ሞተ። የነገረኝ ወንድሜ ነው፣ በጁምዓ፣ ስልኩ በእጄ በነበረበት ሰዓት። ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖታል። "ስልክሽ ዝግ ነው፣ ምን ላድርግ" አለኝ። አልወቀስኩትም። ወዲያውም ድሮ ወፍጮ ቤት ቁጭ ብሎ ቀድቶት የነበረ የአባባን መንዙማ ላከልኝ። አራት ደቂቃ ያህል ነው። ግማሹ ሞተር፣ ግማሹ አባቴ። መሃል ላይ "ማነሽ አንቺ፣ ማሽላሽን ከመንገድ አንሺ!" ብሎ አንዲት ሴትዮ ላይ ይጮኽና ወደ መንዙማው ይመለሳል።

የዚያን ዕለት ልጅቷ "ቡክራ" አላለችም። ስልኩን ራሷ ከእጄ ተቀብላ እዚያው ጫነችልኝ። "አላህ ይርሐመው" አለች፣ ዓይኗም እንባ ሞላ። ይህን አልረሳላትም።

ከዚያ በኋላ ነገሮች አንድ በአንድ ሄዱ። ስልኬ የወለል መወልወያ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ሞተ። ወንድሜ ስልኩን ሸጦ ሌላ ገዛ፤ የድሮው ውስጥ ምን እንደነበረ ልብ አላለም። በመጨረሻ የልጅቷ ላፕቶፕ ተበላሸ። የአባቴ ድምፅ በዓለም ላይ ያለው ነጯ ውስጥ ብቻ ሆነ። እኔ ግን ይህን አላወቅኩም፤ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ቆጥሮ አይዝም።

ልጅቷ አዲስ ላፕቶፕ ተገዛላት። ደስ ብሏት ነበርና ከጠየቅኳት የሰነበተ፣ ስልኳ ላይ የቀረ አንድ የሠርግ ዘፈን ልትጭንልኝ ማጫወቻዋን ራሷ ወሰደች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ልብስ ማጠቢያው ክፍል መጥታ ሰጠችኝ።

"ያላ፣ ዘፈንሽን ጨምሬልሻለሁ" አለች።

ከፈትኳት። የሠርግ ዘፈኔ አለ። ከሱ ሌላ ያሉት የልጅቷ ናቸው። ክቡን አዞርኩት፣ መልሼ አዞርኩት።

"የአባቴስ?" አልኳት።

"እ?"

"የአባቴ መንዙማ።"

ማጫወቻዋን ከእጄ ወስዳ እሷም አዞረች።

"ላፕቶፑ ጠየቀኝ" አለች በመጨረሻ። "'ይህች የሌላ ኮምፒውተር ናት፣ ያለውን ላጥፋና በአዲሱ ልተካ?' አለኝ። እሺ አልኩት። ላፕቶፕ ሲቀየር ሁሌም እንደዚያ ነው።"

"ማሽኑ አንቺን ጠየቀሽ?"

"አዎ።"

"አንቺ ግን እኔን አልጠየቅሽኝም።"

ፊቷ ቀላ። ወጥታ ሄደች። እኔ እርጥቡን ልብስ ከማሽኑ አውጥቼ አሰጣሁ። አላለቀስኩም ብል እዋሻለሁ፤ በማንም ፊት ግን አላለቀስኩም።

በማግስቱ ከሰዓት ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ልጅቷ ከነካርቶኑ አንድ ዕቃ ይዛ መጣች። እናቷ ከኋላዋ ቆማለች። ያው ኩባንያ፣ ያው ስም፣ ግን አዲሱ ሞዴል፤ ሰማያዊ፣ እንደ ብስኩት የሳሳች።

"ላንቺ ነው" አለች ልጅቷ። "ከድሮዋ በጣም ትሻላለች።"

እጄን በሽርጤ ጠረግኩ። "ይህችስ የምትጫነው በማን ላፕቶፕ ነው?"

"በኔ። እኔ እጭንልሻለሁ፣ ወላሂ አላዘገይም።"

"አመሰግናለሁ፤ አልወስድም።" ነጯንም ከኪሴ አውጥቼ ካርቶኑ ላይ አስቀመጥኩላት። "ይህችንም ውሰጃት።"

ማዳም ጣልቃ ገባች። "ስጦታ ይመለሳል? ዐይብ፣ ነውር አይደለም እንዴ? ልጅቷ ከራሷ ገንዘብ ነው የገዛችልሽ!"

"ማዳም፣ ልጅሽ ደግ ናት። ግን እሷ ካልከፈተችልኝ የማይከፈት ዕቃ ውስጥ የኔን ነገር ሁለተኛ አላስቀምጥም።"

"ታዲያ ምንድነው የምትፈልጊው?"

ይህን ጥያቄ በሁለት ዓመት ውስጥ ጠይቃኝ አታውቅም። መልሱ አፌ ላይ የተቀመጠ ይመስል ወጣ።

"ጁምዓዬን።"

"ምን?"

"ውሉ ላይ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አለኝ። እስከዛሬ አልጠየቅኩም፤ አሁን ጠየቅኩ። ወጥቼ የራሴን ማጫወቻ እገዛለሁ።"

ማዳም ሳቀች፣ ሳቋ ግን አጭር ነበር። "ማንን ታውቂያለሽ? የት ትሄጃለሽ? ብትጠፊ 'ሁሩብ' ብለን ነው የምናስመዘግብሽ። የሚይዙሽ ከተማው መሃል ነው፣ በቀጥታ ወደ አገርሽ።"

ሁሩብ ማለት ከአሠሪዋ የጠፋች ማለት ነው። ይህን ቃል ዐረብ ቤት የምትሠራ ሁሉ ታውቀዋለች፤ እኔም እፈራዋለሁ። ሽንኩርቱ ግን ጥሩ ምክንያት ሆነኝና ዓይኔን እየጠረግኩ አየኋት።

"የምጠፋ ብሆን ፈቃድ እጠይቅሽ ነበር?"

በዚህ መሃል ከፊሌ፣ የማዳም ባል፣ ገባ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በሱ ስም ነው፤ የቤቱ ባለቤት። ብዙ የማይናገር፣ ሻዩን ይዞ ከክፍል ክፍል የሚዞር ሰውዬ ነው። ድምፅ ሰምቶ ነው የመጣው። ሚስቱ በፈጣን ዐረብኛ አስረዳችው። ሰማትና ወደ እኔ ዞረ።

"ውሉ ላይ አለ?"

"አለ፣ ባባ። አንብበው።"

"ካለ፣ ኸላስ፣ በቃ" አለ። ሻዩን ይዞ ወጣ።

ማዳም አልቻለችውም፣ እኔን ግን ትችለኛለች። ሐሙስ ጠዋት የቤቱ ምንጣፍ ሁሉ ይታጠብ ተባለ። ታጠበ። ቀጥሎ የኩሽናው ቁም ሳጥን ተራግፎ ይወልወል ተባለ። ተወለወለ። ጁምዓ ጠዋት አባያዬን ለብሼ በሩ ላይ ቆምኩና "ከመግሪብ በፊት እመለሳለሁ" አልኳት። ሌላ ሥራ ፈልጋ አጣች መሰለኝ፣ ቁልፉን ከፈተችልኝ።

በባባ ስልክ ደውዬላት ነበርና፣ መንሱራ ስደርስ የባቲዋ ልጅ አውቶቡስ መውረጃው ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። አቀፈችኝና "አብሽሪ እህቴ፣ እንዴት ለቀቁሽ?" አለችኝ።

"አልለቀቁኝም፤ ወጣሁ" አልኳት።

ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ አንድ ጠባብ ሱቅ ገባን። ሻጩ ከየት አገር እንደሆነ አላወቅኩም፤ እንደኛው የሰው አገር ሰው ነው። ገና "ማጫወቻ" ስል ያቺኑ ነጭ አወጣልኝ፣ ያገለገለች።

"ስም ያላት ይህች ናት" አለ። "ሠራተኞች ሁሉ ይህችን ነው የሚወስዱት።"

"ሚሞሪ ትወስዳለች?"

"አትወስድም፣ ግን..."

"መልሳት።"

የባቲዋ ልጅ ሳቋን በሻርፕ ሸፈነች። ሰውዬው ቅር እያለው ከሦስት ኩባንያ ሦስት ዓይነት ደረደረልኝ። የራሴን ሚሞሪ ይዤ ነበር፤ የባቲዋ ልጅ ሞልታ አምጥታልኛለች። ቀይዋን ሞከርኩ፤ ዘፈን ታጫውታለች፣ በስልክ የተቀዳ ድምፅ ሲሆን ግን አላውቅም ትላለች። ብርማዋን ሞከርኩ፤ ሁሉን ታጫውታለች፣ ስትቀዳ ግን ድምፄን በርሜል ውስጥ ያለሁ አስመሰለችው። ሰውዬው ትዕግሥቱ አለቀ። "እህቴ፣ ዘፈን ልትሰሚ ነው ወይስ ስቱዲዮ ልትከፍቺ?" አለኝ።

"ሦስተኛዋን ስጠኝ።"

ሦስተኛዋ ጥቁር፣ ወፍራም፣ አስቀያሚ ነበረች። ቁልፎቿ ትልልቅ ናቸው፣ እጅ ቢረጥብም አያንሸራትቱም። ሚሞሪዋን ጎረሰች፣ ያለውን ሁሉ አነበበች። ቀዳሁባት፤ ድምፄ ድምፄን መሰለ።

"ይህችን" አልኩ።

"ይህች እኮ ስም የላትም" አለኝ ሻጩ። "ማንም አያውቃትም።"

"እኔንም እዚህ አገር በስሜ የሚጠራኝ የለም። ግን እሠራለሁ።"

ጠቀለለልኝ።

ያን ዕለት ደውዬ ብለምነው፣ የአባቴን ድምፅ ፍለጋ ወንድሜ ከሚሴን አዳረሰ። የወፍጮ ቤቱን ባለቤት፣ ጎረቤቱን፣ መስጊዱን ጠየቀ። ማንም ቀድቶ አልያዘም። "የለም" አለኝ በሚቀጥለው ጁምዓ፣ በባቲዋ ልጅ ስልክ። "በቃ የለም።" እንደገና እንደሞተ ሆኖ ተሰማኝ። ግን ግጥሙን አውቀዋለሁ። እሱ የጨመረበትንም አውቀዋለሁ፤ ሼኾቹ ዘንድ የሌለውን። እኔ ካልያዝኩት ከኔ ጋር ነው የሚጠፋው።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ጥቁሯን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩና መቅጃውን ተጫንኩ። መጀመሪያ የወጣው ሹክሹክታ ነው። መልሼ ሰማሁት። ያፈረች፣ ሰው እንዳይሰማት የምትፈራ ሴት ናት። ያቺ ሴት እኔ አይደለሁም። ሁለት ዓመት "ቀስ በይ" ስባል ኖሬ ጉሮሮዬ እንዲህ ጠቧል። ተናደድኩ። ማሽኑን መጭመቂያ ላይ አዞርኩት፣ ክፍሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እኔም ከሱ በላይ ጮህኩ፦

*ድንጋይ ከድንጋይ ጋር እህሉን ሲያደቅቀው፣*
*የልቤንማ ፍሬ አንተ ነህ የምታውቀው።*

ይህ ሼኾቹ ያላሉት ነው። የአባቴ ነው። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ እጄን እያጨበጨብኩ፣ ራሴን እየተቀበልኩ። በሩ ተከፈተ። ማዳም ናት።

"ምን ሆነሻል? አመመሽ?"

"አላመመኝም። መንዙማ ነው።"

"ምንድነው እሱ?"

"ነቢን ማወደስ። አባቴ ያለው ነው።"

የሚንቀጠቀጠውን ማሽን አየች። "እንዲህ ያለው በኛ ዘንድ አይታወቅም" አለች። "ድምፅሽን ቀንሺ።"

"ማሽኑ ሲያቆም እቀንሳለሁ።"

በሩን ዘጋችው፤ ቀስ አድርጋ ነበር። እኔ ያሰብኩት ታላትመዋለች ብዬ ነበር።

ልጅቷ ከብዙ ቀን በኋላ መጣች። ሸሽታኝ ነበር የሰነበተችው፤ ምሳዋን እንኳ ክፍሏ ነበር የምትበላው። "ልስማው?" አለችኝ። አንዱን ኤርፎን ሰጠኋት። እስከመጨረሻው ሰማች። ትርጉሙን ጠየቀችኝ፣ በምችለው ዐረብኛ ነገርኳት፤ ወፍጮን በዐረብኛ ምን እንደሚሉት ስላላወቅኩ በሁለት እጄ እየፈጨሁ አሳየኋት።

"ሳምሒኒ" አለችኝ። ይቅር በይኝ።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አልኳት። "ሰማያዊዋን ግን አልወስድም።"

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሰማያዊዋን ለአክስቷ ልጅ ሰጠቻት።

ከዚያ ወዲህ ጁምዓ የኔ ሆነ። ማዳም ማኩረፏን አልተወችም፣ እኔም መውጣቴን። ጥቁሯም እንደ በሬ አገለገለችኝ። ዓመት ካለፈ በኋላ አንዱ ቁልፏ ወለቀ፣ ቆይቶም ባትሪዋ መያዝ አቃተው። አላዘንኩም። ሚሞሪውን አወጣሁና በወረቀት ጠቅልዬ ከኢቃማዬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። ሌላ ኩባንያ፣ ሌላ ቀለም፣ ግድ የለኝም። ለማንም ኩባንያ የማልኩት መሐላ የለም።

በዚያው ሳምንት ቆሻሻ ልጥል ስወጣ የጎረቤቱ ቤት ሠራተኛ አስቆመችኝ። የራያ ልጅ ናት፤ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ከግንቡ ሥር ሆና ግራ ቀኝ አየች።

"እህቴ፣ በየጁምዓው ስትወጪ አይሻለሁ። ምን ብለሻቸው ነው?"

"ውሉ ላይ ያለውን ነው ያልኳቸው። ያንቺም ላይ አለ።"

"እኔ ዐረብኛ ማንበብ አልችልም።"

"በአማርኛም ተጽፏል፣ ከሥሩ እይው። ስጡኝ ብለሽ ጠይቂ። ሲሰጡሽ እዚያ መስመር ላይ ጣትሽን አድርገሽ ዝም በይ። ጣትሽን ግን አታንሺ።"

ከሁለት ቀን በኋላ ማዳም ኩሽና ገባች። ጎረቤቷ ደውላላታለች። "ለዚያች ልጅ ምን ነግረሻት ነው?" አለችኝ።

"አንብቢ አልኳት።"

"በሰው ቤት ጉዳይ ምን አገባሽ?"

"የሷም የኔም ወረቀት አንድ ዓይነት ነው፣ ማዳም። የሰው ቤት ጉዳይ አይደለም።"

ሩዙን አየች፣ ጨው አነሰው አለች፣ ወጣች።

ጁምዓ ጠዋት በሩን ስከፍት የራያዋ ልጅ ከግንቡ ሥር ቆማለች። አባያዋ አዲስ ነው፣ ከቦርሳው ገና መውጣቱ ነው መሰለኝ እጥፋቱ ይታያል። ፊቷ ላይ ፍርሃትም ደስታም አለ።

"ለቀቁኝ" አለች።

"ወጣሁ በይ።"

"ወጣሁ።" ራሷ ሰምታው ሳቀች። "አሁን የት ነው የምንሄደው?"

"እኔ መንሱራ ማጫወቻ ልቀይር ነው" አልኳት። "አንቺ ወደፈለግሽበት።"